ስለ «ላይኛው ፎቅ» ሃምሳ ሁለት ካርዶችና ስለታሸገው የእህቴ ካርቶን ቤት

ለተከበሩ የመዝናኛና የመጫወቻ ዕቃዎች ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ይህች ደብዳቤ ክቡርነትዎን በሙሉ ጤንነት፣ ወንበርዎንም በአራቱም እግሩ እንደቆመ እንድታገኝልኝ እመኛለሁ። ስለ ጤናዎ የምጨነቀው ከልቤ ነው። ባለፉት ስድስት ሳምንታት ዘጠኝ ጊዜ ወደ ቢሮዎ ተመላልሼ ዘጠኙንም ጊዜ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ፣ ይህን ያህል የሚሰበሰብ ሰው ወገቡን እንዴት እንደሚያደርገው ሳስብ ከርሜአለሁ። በአካል ልነግርዎ ያልቻልኩትን በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ጋዜጣው በየጠዋቱ ጠረጴዛዎ ላይ እንደሚቀመጥና ከፊተኛው ገጽ እስከ መስቀለኛ ቃላት ጨዋታው ድረስ እንደሚነበብ ተላላኪዎ አረጋግጦልኛል።

ጉዳያችን በብዙ ሥራዎችዎ መካከል ተረስቶ ሊሆን ስለሚችል ከመነሻው ላስታውስዎ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ሳርም ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። እቤት መዋል ሲሰለቸኝ አንድ የገበታ ጨዋታ ፈጠርኩ፤ ስሙን «ላይኛው ፎቅ» አልኩት። ሰሌዳው ላይ ባለ አራት ፎቅ መሥሪያ ቤት ተስሏል። ተጫዋቾች ሁሉ ከምድር ቤት በተላላኪነት ይጀምሩና አራተኛው ፎቅ ላይ ወዳለችው አንዲት ወንበር ይሽቀዳደማሉ። ደረጃ የሚወጣው በሥራ ሳይሆን «ውለታ» በሚባሉ ክብ ካርቶኖች፣ በዝምድና፣ በሐሜትና በጠረጴዛ ሥር በሚደረግ ሹክሹክታ ነው። በጨዋታው ቃል መግባት ይፈቀዳል፤ ቃልን መጠበቅ ግን ግዴታ አይደለም። ጉዞውን የሚመሩት ሃምሳ ሁለት ካርዶች ሲሆኑ፣ «የአክስት ልጅ ተቀጠረ»፣ «ነገ ይመለሱ»፣ «ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ የለም» እና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው።

ለመጀመሪያው እትም ሁለት መቶ ሳጥን የሠራችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። እህቴ ለጫማ፣ ለመድኃኒትና ለኬክ የሚሆን ሳጥን ከአራት ሴቶች ጋር የምትሠራበት አንድ ክፍል ካርቶን ቤት አላት። የካርዶቹን ቅጂ ከማመልከቻ ጋር ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብተን ፈቃዱን ስንጠብቅ፣ በሦስተኛው ቀን ባለሙያዎችዎ መጡ፤ ፈቃድ ይዘው ሳይሆን መኪና ይዘው። ሁለት መቶውንም ሳጥን ለምርመራ ጫኑ። ከዚያም ጨዋታው የተሠራበት ቦታ ነው በማለት የካርቶን ቤቱን በር በወረቀትና በማኅተም አሽገው ሄዱ። ዛሬ ስድስት ሳምንት ሆነው። ከዚህ በታች የሚያነቡት ያ በር ተዘግቶ በቆየባቸው ቀናት ያጠራቀምኩት ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ ስለ መስኮቱ። በሩ ሲታሸግ የኋላው መስኮት ክፍት ነበር። የቸኮለ ሰው ሊስተው የሚችል ነገር ስለሆነ አልወቅስም። በማግስቱ ዝናብ ጣለ፤ ገና ያልተቆረጠው ካርቶን ደግሞ የተደረደረው በመስኮቱ በኩል ነበር። እህቴ ከውጭ ቆማ መስኮቱን በረጅም ዱላ ገፍታ ልትዘጋ ስትል የተመደበው ጥበቃ ደረሰባት። «እትዬ፣ መስኮቱም እኮ ታሽጓል» አላት። «ክፍት ሆኖ?» ብትለው፣ «አዎ፣ ክፍት ሆኖ ነው የታሸገው፤ እንደዚያ ነው የተመዘገበው» ብሎ መለሰላት። መስኮት ለመዝጋት ማመልከቻ ጻፍን፤ ማመልከቻው ቁጥር ተሰጠው። ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላም መስኮቱ ሊዘጋ የሚችለው ክፍት ስለመተዉ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ሲገኝ መሆኑን የሚገልጽ መልስ ደረሰን። ካርቶን የቢሮ ሥርዓት ስለማያውቅ እስከዚያ አልታገሠም፤ አብጦ ተላቀቀ። ጥበቃውን አልቀየምኩትም። ከዚያ ሁሉ ባለሙያ መካከል ዝናቡን አይቶ ከንፈሩን የመጠጠልን እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሠንጠረዡ፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በጽሕፈት ቤትዎ ማንኛውም ጉዳይ «የሚመለከተው ክፍል» የሚል ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ሆኖ በየቢሮው እንደሚዞር አላውቅም ነበር። ዓምዱን ባዶ የተወ ክፍል ሥራ እንደሌለው ተቆጥሮ በቀጣዩ መዋቅር እንደሚታጠፍም አልሰማሁም ነበር። ሃምሳ ሁለቱ ካርዶች እንዲህ ሆነው ዞሩ። እኔ ካርዶቹን የጻፍኩት ከራሴ ፈጥሬ ነው፤ ከዚያ በፊት የጽሕፈት ቤትዎን ደጃፍ እንኳ ረግጬ አላውቅም። ክፍሎችዎ ግን ተሻሙባቸው። «የአክስት ልጅ ተቀጠረ» የሚለው የእሱ መሆኑን የሰው ኃይል ክፍሉ በዚያው ዕለት በፊርማ አረጋገጠ። «ውለታ በውለታ» የተባለውን ግዥ ክፍሉ ማንም ሳይቀድመው ወሰደ። «ፋይሉ ጠፍቷል» በሚለው ላይ መዝገብ ቤቱና የሕግ ክፍሉ ስለተጣሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ለሁለት ሳምንት መክሮ፣ መጥፋቱ የመዝገብ ቤቱ፣ አለመፈለጉ የሕግ ክፍሉ ድርሻ እንዲሆን ወሰነ።

በመጨረሻ የደረሰን ደብዳቤ «ከቀረቡት ሃምሳ ሁለት ካርዶች ውስጥ ሃምሳ አንዱ የጽሕፈት ቤታችንን ኃላፊዎችና ሠራተኞች የሚመለከቱ ሆነው ተገኝተዋል» ይላል፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። በጋዜጣ ቤት አብረውኝ የኖሩ ስንት ጎበዝ ጋዜጠኞች እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ፈልገው ሳያገኙ ጡረታ ወጡ! እኛ ግን ሳንጠይቅ በፖስታ መጣልን። ማንም ያልፈለጋት አንዲት ካርድ «ባለጉዳዩ በመጀመሪያው ቀን ተስተናገደ» የምትለዋ ናት። ከጎኗ በቀይ ብዕር «ከእውነታ የራቀ፤ ይታረም» ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜውን በእርማት ላይ የጨረሰ ሰው እንዲህ ነጥቡን የመታ እርማት ሲያይ ደስ ይለዋል።

ሦስተኛ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ፖስታ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበር። ይኸኛው እህቴ ፈርማ እንድትመልሰው የተዘጋጀ ሲሆን፣ «ጨዋታው በየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚገኝን ማንኛውንም ሰው የማይመለከትና የማይመስል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ካልፈረመች ማሸጊያው አይነሣም። እህቴ ሁለቱንም ወረቀቶች ይዛ ሁለተኛ ፎቅ ወጣችና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን ከሚፈልግ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ፊት ቆመች። «የኔ ልጅ፣ በየትኛው ላይ ነው የዋሻችሁት?» ብላ ጠየቀችው። አገላብጦ አየና «እናቴ፣ ሁለቱም እኮ የእኛ ናቸው» አላት። «የእናንተ መሆናቸውንማ አየሁ፤ እውነቱ የቱ ነው?» ስትለው፣ «ሁለቱም መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ መዝገብ ላይ ከሰፈረ አለቀ» ብሎ ወደ ፍለጋው ተመለሰ።

እህቴ አልፈረመችም። ግትር ሆና አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ «አርባ ሁለት» ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን ውስጥ አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ እንዲገባ ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ላዩና ውስጡ ሲለያይ እጇ አይታዘዝላትም።

አራተኛ፤ ይህን ነጥብ እህቴ አንብባ «ይሄ ከወጣ እኔንም አንተንም ነው የሚያሽጉን» ብላ ሰርዛዋለች። ቁጥሩን ግን ለማስታወሻ ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ምርመራው ትጋት። ከሁለት መቶው ሳጥን ስንቱ እንደተመረመረ በይፋ አልተነገረንም። ይሁን እንጂ ጉዳያችንን ለመከታተል ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ በተቀመጥኩባቸው ቀናት፣ በስብሰባ አዳራሹ በር ክፍተት ምርመራውን በዓይኔ ለማየት ታድያለሁ። ከምሳ በፊት የተጀመረው ምርመራ መሥሪያ ቤቱ እስኪዘጋ አይቋረጥም። አንዱ መርማሪ «ኧረ ተው እንጂ! አሁን ከእኔ ጋር አልነበርክም?» ሲል ይጮሃል። ሌላው «ወዳጄ፣ እሱ የጠዋቱ ነው» ይለዋል፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። አጠገቤ የተቀመጠችው አሻንጉሊት የምትሰፋ ሴት ፈቃዷን ለማሳደስ ስትመላለስ አራተኛ ቀኗ ነበር። ጆሮዋን ወደ በሩ ጣል አድርጋ፣ «የመዋቅር ስብሰባ ነው መሰለኝ» አለችኝ። አላረምኳትም።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋታውን ሳዘጋጅ አንድ ነገር ብቻ እፈራ ነበር፤ አጋነንክ እንዳልባል። አሁን ሳየው የሠራሁት ስህተት ሌላ ነው፤ ተንኮለኞቹን ብልህ አድርጌ ነው የሣልኳቸው። በሰሌዳዬ ላይ ወደ ወንበሩ የሚወጣ ሰው ቢያንስ ሦስት እርምጃ አርቆ ያስባል፣ ማንን መቼ እንደሚከዳ ያሰላል፣ የሠራውን ይደብቃል። ከዚህ አንዱም ሳያስፈልግ አራተኛ ፎቅ መድረስ እንደሚቻል፣ ጥፋትንም በሠንጠረዥ አስሞልቶ፣ አስፈርሞና ማኅተም አስመትቶ ለባለጉዳይ መላክ እንደሚቻል ያስተማረኝ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። በሚቀጥለው እትም አሻሽላለሁ።

የምለምንዎት ጨዋታውን አይደለም፤ ሁለት መቶውም ሳጥን ይቅርብን፤ ተጫወቱበት። የምለምንዎት በሩን ነው። በዚያ በር ውስጥ ያለው ሙጫ በበርሜሉ እንዳለ ድንጋይ ሆኗል። ካርቶን የምትቆርጠው ጎረቤታችን በየጠዋቱ እየመጣች ማኅተሙን አይታ ትመለሳለች። ሙጫ የምትቀባዋ ባልደረባዋ ልጆቿን የምታስተምረው በሙጫ ብሩሿ ነው፤ አሁን ብሩሹም ታሽጓል። ለአሥራ ሁለት ዓመት ሳጥን ከሌላ ሰው ገዝቶ የማያውቀው ጫማ ሰሪ ባለፈው ሳምንት ባርኔጣውን አውልቆ መጣና፣ «እትዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደምንም እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጫማ በፌስታል ልሸጥ ነው?» አላት። ከሳጥኖቿ ግማሹን የሚወስደው እሱ ነው። እሱ ወደ ሌላ ቤት ከሄደ፣ ማኅተሙ ቢነሣም የሚከፈት ካርቶን ቤት አይኖርም። ከወሩ የቀሩት ስምንት ቀናት ናቸው። እህቴ በጽሕፈት ቤትዎ ላይ የፈጸመችው በደል አንድ ብቻ ነው፤ ወንድሟ ሳጥን ሥሪልኝ ሲላት እሺ ማለቷ።

ከአራተኛ ፎቅ መስኮትዎ ወደ ታች ሲመለከቱ እንደ ነጥብ ከሚታዩት ባለጉዳዮች አንዱ ለመሆን በመታደሌ እየኮራሁ፣ ይህን ለማንበብ ከሥራ ሰዓትዎ ላይ የወሰድኩት ጊዜ ካለ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥራ ከሌለዎት ደግሞ እንኳን ላዝናናዎ ቻልኩ እያልኩ፣ ከወገቤ እስከምችለው ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የታሸገችው ሴት ታናሽ ወንድም፣
ጡረተኛው አራሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጽፌ እንደጨረስኩ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ እህቴ ስልክ ተደወለ። ክቡርነትዎና ምክትልዎ ሐሙስ ዕለት በሰሌዳው ላይ እኩል ከአንዲቷ ወንበር እንደደረሳችሁ፣ ሁለታችሁም አልለቅም እንዳላችሁ፣ እስኪለይም ድረስ በጽሕፈት ቤቱ አንድም ወረቀት እንደማይፈረም ደዋዩ በትሕትና ገለጸ። ከዚያም ደንቡ ለዚህ ምን እንደሚል ጠየቀ፤ የሳጥኑ ክዳን ላይ የታተመው መግለጫ ጨዋታው እንዴት እንደሚጀመር እንጂ እንዴት እንደሚያልቅ አይናገርምና። እህቴም ሳጥኖቹ ሲጫኑ የደንቡ መጽሐፍ ገና እየታጠፈ ስለነበር ሁለት መቶውም ቅጂ ካርቶን ቤቱ ውስጥ መሆኑን ነግራው፣ «መጥታችሁ ክፈቱና አንብቡ» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን እህቴ «ትንፍሽ ብትል ወንድሜ አይደለህም» ስላለችኝ፣ ማኅተሙን የሚያነሣ ሰው እስኪላክ ድረስ ክቡርነትዎና ምክትልዎ በአንዲቷ ወንበር ላይ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ እንድትቆዩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።