ልብስ ሰፊውን ወደ ስምንት ሰከንድ ላሳጠሩልን የ«አጋራ» ቁልፍ የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? አውራ ጣትዎስ? የእኔው፣ አርባ ዓመት የእጅ ሰዓት ስጠግንበት ያላሳፈረኝ፣ ቁልፍዎ ላይ አንዴ ቢያርፍ ጉድ ሠራኝ፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሣሁ።

፩ኛ. የሰፈራችን የገበያ አዳራሽ ይፍረስ አይፍረስ በተባለበት ስብሰባ ጓደኛዬ ልብስ ሰፊው «አዳራሹ ይፍረስ፣ ነጋዴውም ይበተን የሚሉን ሰዎች አንድ ቀን እንኳ እዚህ ገዝተው አያውቁም» ብሎ ጀምሮ፣ አዳራሹ እንዳይፈርስ አሥራ አንድ ደቂቃ ተማጸነ። ድርጅትዎ ግን ጊዜያችን ስለሚያሳዝነው ቪዲዮ ቆርጦ የማጋሪያ መቀስ ለሁሉ አድሏልና፣ አንዱ ባለመቀስ ስምንት ሰከንድ አስቀረልን፦ «አዳራሹ ይፍረስ፣ ነጋዴውም ይበተን»። ዕድሜ ይስጥልን፤ ከቀሪው ሐሳብ ተገላገልን።

፪ኛ. ድሮ አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። እርስዎ አሻሽለውት ያልሰማው ላልሰማው ያሰማል። ክርክር የሚባለውን አድካሚ ነገርም አስቀርተውልናል፤ ሦስት መቶ ሰው ካጋራው እውነት ነው፣ አራት ሰው ካጋራው ውሸት።

፫ኛ. በዚያ ስብሰባ ከልብስ ሰፊው ጎን የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ማንጎላጀቴን አልክድም፤ መጀመሪያውን ግን በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሆኖም ያን ሁሉ ያጋራ ሰው ቁጥር ሳይ፣ ከሰው እንዳልለይ ብዬ ቁልፍዎን ተጫንኩት። የልጅ ልጄ፣ አባባ እርስዎ እኮ እዚያው ነበሩ፣ ስትለኝ የመለስኩላትን አልነግርዎትም። በማግስቱ የእኔን ባጠፋው፣ ከእኔ ተቀብለው ያጋሩት አርባ ሰዎች ዘንድ አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣት ወለምታ ደግሞ ወጌሻም የለው።

እነሆ የልብስ ሰፊው ደንበኞች ፊታቸውን አዞሩ፣ እሱም ሰላምታዬን መመለስ ተወ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ፣ በይቅርታው ፈንታ እንዲያሳጥርልኝ ብዬ ሱሪዬን ሰጠሁት። ለክቶ ተቀበለኝ።

ቁልፍዎ ከመሥራቱ በፊት «ሰምተኸዋል?» ብሎ እንዲጠይቅ ልለምን አስቤ ነበር፤ ተውኩት። እኔ ሰምቼው ነበርና።

ከቁልፍዎ ግርጌ ወድቄ እጅ የምነሣ፣ ቁጥርዎን በአንድ ያሳደግኩ፣ ከጓደኞቼ አንድ ያጎደልኩ፣

ጡረተኛው ሰዓት ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ሱሪዬ መጣ። አንዱ እግሩ ከጉልበቱ ላይ ተቆርጧል። ቁራጩ ግን በሥርዓት ተተኩሶና ታጥፎ ኪሱ ውስጥ ተቀምጦልኛል፤ ነገ ጠዋት መልሶ እንዲሰፋልኝ ይዤለት እሄዳለሁ። ክቡርነትዎስ የእሱን አሥር ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰከንድ በየትኛው ኪስዎ አስቀመጡለት?