የእህቴን ጉልበት ስለመረመራችሁልን

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎም ሆነ ጉልበትዎ ሳያስቸግርዎ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቢሮዎ በሰላም እየወጡ እንደሚወርዱ ተስፋ አደርጋለሁ። ደረጃውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተንበርክካ ስትወለውለው የኖረችው ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ገና በልጅነታችን ስለሞተችብን፣ እኔን አሳድጋ ለአናጢነት ያበቃችኝም እሷው ናት። ግራ ጉልበቷን በታመመችባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ለዋላችሁላት ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ይህን ጻፍኩ።

፩ኛ. መጀመሪያ ያያት ሐኪም ከወንበሯ እንኳን ሳያስነሣት «እድሜ ነው፣ እማማ» ብሎ ስለሸኛት አመሰግናለሁ። አርባ አራት ዓመቷ ነበር። ቤት ገብታ «ዛሬ ደግሞ እማማ ተባልኩልህ» እያለች ስትስቅ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

፪ኛ. ጉልበቷን ሦስት ጊዜ ራጅ ስላነሣችኋት አመሰግናለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ንጹሕ ነው» ተባለች፤ ስለ ንጽሕና ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ባይኖርም አመነቻችሁ። ቅባት ተሰጣት፣ መርፌ ተወጋች፣ «ክብደት ቀንሺ» ተባለች። ቀነሰችም፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ እስኪንሸራተት ድረስ ቀነሰች፤ ሐኪሙም «ጎበዝ!» አላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እህቴ ግን ባልዲዋን እንደያዘች ላገኘችው ነጭ ጋዋን ሁሉ «ተቀምጬም ያመኛል፣ ተኝቼም ያመኛል» ስትል ነበር። «ወለሉ ሳይደርቅ አትቁሚበት» ብለው የመለሱላትም አልጠፉም።

፫ኛ. ቀለል ያለ ሥራ እንዲሰጧት ስትለምናቸው «ራጁ ንጹሕ ነው ተብሏል፣ እኔ ምን ላድርግሽ?» ላሏት የጽዳት ክፍል ኃላፊ ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እግሯን ዘርግታ በአንዱ እየተንበረከከች ትወለውል ነበር። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን የማወልቅላት እኔ ነበርኩ።

፬ኛ. በመጨረሻ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላካችኋት። እዚያ ያገኘቻት ወጣት ባለሙያ አልጋ ላይ አስተኛቻትና ከቁርጭምጭሚቷ ጀምራ ወደ ላይ ትዳስሳት ጀመር። ዳሌዋ ጋ ስትደርስ እህቴ ጮኸች። ልጅቷም «እትዬ፣ ጉልበትሽ ምንም አልሆነም፤ የታመመው ዳሌሽ ነው፣ ሕመሙ ነው ወደ ጉልበትሽ የሚወርደው» ብላ የዳሌዋን ራጅ አስነሣቻት።

ዕጢ ተገኘባት፤ የጭኗን አጥንት ራስ ጨርሶ፣ ወደ ሳንባዋ ተሻግሮ ነበር። ውጤቱን ያዩት የአጥንት ስፔሻሊስት በሐዘኔታ «ምነው ከዓመት በፊት በመጣች ኖሮ!» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እህቴ ከዓመት በፊትም እዚሁ ነበረች፤ የእሳቸውን ክፍል ወለል ስትወለውል።

ዕጢው በተገኘ በሰባተኛው ሳምንት አረፈች። ከመሞቷ አንድ ቀን በፊት እጄን ይዛ «እኔ እኮ ስንፍና መስሎኝ ነበር፤ ለካ እውነቴን ነው የታመምኩት» አለችኝ። እፎይ ያለች ትመስል ነበር። ሞቷን እንኳ እንደምንም እችለው ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉልበቷን የሰጠቻችሁ ሴት ራሷን ሰነፍ ብላ ስትወቅስ መክረሟን ግን እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

ካሳ አልጠይቅም፣ አልከስም። ሰው «እዚህ ጋ ያመኛል» ሲላችሁ፣ እጃችሁን ጫን አድርጋችሁ ብታዩለት፣ ከዚያም ትንሽ አለፍ ብላችሁ ብትፈልጉለት፣ ለእኔ ይበቃኛል።

ይህን ለማንበብ ስለሰጡኝ ጊዜ፣ ለእሷ ስላልተረፋት ጊዜም ጭምር፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር
የጽዳት ሠራተኛዋ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል እንደሰማሁት፣ ያቺ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ ጥፋቷም ማዘዣው ላይ «ጉልበት» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ከጉልበት በላይ መርምራ መገኘቷ ነው ይባላል። እውነት ከሆነ፣ እባክዎ የማስጠንቀቂያውን አንድ ቅጂ ይላኩልኝ። እህቴ በሆስፒታልዎ መመርመሯን የሚመሰክር ሌላ ወረቀት የለኝም።