ቆሞ የሚሞት ዘር

እሑድ፣ ህዳር 5 ቀን 1980፣ ጠዋት

ኤኮው ዛሬም አመሉ ተነስቷል። የልብን ምስል የሚያሳየን መሣሪያ እሱ ብቻ ነው፣ እናባብለዋለን። ሦስት ሰው መረመርን፤ ሦስቱም ጤነኛ። ደብተሬ፣ ጤነኛ ልብ ሲያይ የሚከፋው ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ? ይቅር ይበለኝ።

እኔና አለቃዬ ዶ/ር ያኤል የምንፈልገው ወፍራሙን ልብ ነው። ጡንቻው ያለ ልክ ይወፍራል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ ሲሮጥ ወይም ከባድ ሲያነሳ ድፍት ይላል። ቲራት ካርሜል ከተማ የሚኖሩት ወ/ሮ ጥሩዬ ልጃቸውን ኳስ ሜዳ ላይ እንዲህ አጡ። እሳቸውንም መረመርናቸው፤ አለባቸው። ከዘሩ ሌላ ማን አለበት? ሳይወድቅ ካገኘነው መድኃኒት እንሰጠዋለን፣ ሩጫ እንከለክለዋለን፣ ይኖራል።

ማታ፣ ቤት። ታናሽ ወንድሜ ዳኜ ከባሕሩ ዳርቻ ሮጦ መጣ፣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ጸቫ፣ ማለት ጦር ሠራዊት፣ ሊገባ ነው፤ ወታደርነቱም በዣንጥላ ከሚዘሉት ጋር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። የእማዬን ድስት ጠራርጎ ተኛ። የታደለ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 7

ወ/ሮ ጥሩዬ ዘራቸውን ከአያት በላይ አያውቁም። አጎታቸው አባ ወርቁ ግን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ አሉኝ፤ ቤታቸው ሃሊሳ ሰፈር ነው። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ለዶ/ር ያኤል ባስረዳኋት ምን ትጠብቃለህ ብላ አጣደፈችኝ። አባ ወርቁ ዘንድ መልእክት ላክሁ፤ ዓርብ ና ተባልሁ።

ዓርብ፣ ህዳር 10፣ ከሰዓት

ባዶ እጅ ነውር ነውና ብርቱካን ገዛሁ። ነጭ ሸሚዝ ለበስሁ። ጉድ የሠራችኝ ይህች ሸሚዝ ሳትሆን አትቀርም።

ቤቱ በሽማግሌ ሞልቷል። የወ/ሮ ጥሩዬ ልጅ አልማዝ ሻይ ታቀርባለች፣ ቀና ብላ አታይም። አባ ወርቁ የአባቴን ስም ጠየቁ፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን። መለስሁ። አገራችንንም ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያላገባ ወንድ፣ ነጭ ለብሶ፣ ብርቱካን ይዞ፣ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ ካለ አልማዝን ሊያጭ እንጂ ሌላ ለምን ሊመጣ ኖሯል? ሣቄን ዋጥሁ። አይደለም ልል ስል አባ ወርቁ ጉልበቴን ያዙኝ።

«አዝናለሁ ልጄ፣ አይሆንም። በአምስት ቤት ትገናኛላችሁ። እኅትህ ናት።»

ፊቴ ሲለዋወጥ ያዘንሁ መስሏቸው ያጽናኑኝ ጀመር። ኩሩ ዘር ነው፣ አልጋ ይዞ አያስቸግርም አሉ። አንዱ ሲያርስ፣ አንዱ ዳገት ሲወጣ፣ አንዷ ውኃ ተሸክማ።

«ቆሞ የሚሞት ዘር ነው። አባትህስ መዶሻውን እንዳነሳ አይደል የሄደ?» አሉ አባ ወርቁ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ዳኜ ገና ሲድህ፣ ብረት ሲቀጠቅጥ ወደቀ። ፀሐይ መታው ተባልን። እኔም ሕክምና ተምሬ ፀሐይ እንዳልሁ ቀረሁ።

አመስግኜ ወጣሁ። ለምን እንደመጣሁ አልነገርኋቸውም። አልማዝ መመርመር አለባት፤ ሌላ ቀን፣ በሌላ ሸሚዝ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 11፣ ሰንበት እንደወጣ

መቀመጥ አልቻልሁም። በረንዳ፣ ወጥ ቤት፣ ደግሞ በረንዳ። የደረት ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አደረግሁ። የሰማሁት ፍርሃቴን ብቻ ነው። አባቴ ከነበረበት ለእኔም ለዳኜም እኩል ዕጣ ነው፤ ወይ ወርዶብናል ወይ አልወረደብንም።

ለእማዬ ነገርኋት። ተወው ብላ ለመነችኝ። ዘሩ ልቡ በሽተኛ ነው ከተባለ ማን ልጁን ይሰጠናል አለች። ደግሞ ዳኜን ጸቫ ከለከልኸው ማለት ገደልኸው ማለት ነው አለች። ጮህሁባት። ወዲያው አዘንሁ፤ ባሏን ዛሬ እንደ አዲስ ነው የቀበረችው።

«እንግዲያስ አንተ ቅደም» አለችኝ ኋላ። «በአንተ ካልተገኘ ልጄን አትንካብኝ።»

ቤሰደር፣ እሺ አልኋት። በእኔ ካልተገኘ በእሱ የለም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፈርቼ ነው ቤሰደር ያልሁ።

እሑድ፣ ህዳር 12፣ ጠዋት

ሸሚዜን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁ። ዶ/ር ያኤል ትመረምረኝ ጀመር። ኤኮው እንደ ክፋቱ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቋረጠም። ጤነኛ ልብ አሳየኝ ብዬ ለመንሁ፤ እኔ፣ በጤነኛ ልብ የሚከፋው። ከዚያ ዶ/ር ያኤል ምስሉ የሚታይበትን መስታወት ወደ እኔ አዞረችው። መለካት አላስፈለገኝም።

ወፍራም ነው።

ይገርምሻል ደብተሬ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ የራሴ ሞት አይደለም። ሰዓቱን አየሁ። ዳኜ ለሩጫ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚወርድበት ሰዓት ነው።

ይህን የምጽፈው አውቶቡስ ማቆሚያ ነው። እማዬ ታልቅስ። እሱም ይጥላኝ። ዛሬውኑ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ፣ እዚያው አልጋ ላይ አስተኛዋለሁ። አውቶቡሱ መጣ፤ ከማዶ ነው የቆመው፣ ሊነሳ ነው። እኔ መሮጥ የለብኝም። ዳኜ ግን አሁን እየሮጠ ነው። ልሩጥ