አራት ጊዜ የተጎበኘው የዳለቻ ገፈራ

ለመኖ ጥራት ጉብኝት አስተባባሪ ግብረ ኃይል ክቡር ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎና የባልደረቦችዎ ጤና፣ የመኪናዎ ጎማና የካሜራዎ ባትሪ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ኮምቦልቻ ዳር ያለነው ደህና ነን። ዳለቻ የምትባለው ላማችን ግን እርስዎ ሪባን ከቆረጡበት ቀን ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በርሷ ስም ጭምር ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ በመስከረም ባለሙያዎችዎ መጥተው የበቆሎ አገዳ ከነእሸቱ ከትፈን፣ ጉድጓድ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክና በአፈር ደፍነን ገፈራ እንድንሠራ አስተማሩን። አርባ ቀን ሳይሞላው ማንም እንዳይከፍተው አጥብቀው አስጠነቀቁን። ባለቤቴ ፀሐይነሽ፣ ወንድሟ ሉቃስና እኔ እግራችን እስኪላላጥ ረገጥን። ዳለቻ በጥር ትወልዳለች፤ የበጋ ስንቋ ያ ብቻ ነበር። ለትምህርቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ አስተማሪው ከተማሪው ቀድሞ በመርሳቱ ላይ ነው።

1ኛ/ በአምስተኛው ቀን ከደሴ አሥራ ሁለት እንግዶች አስከትለው መጡና አየር እንዳልገባው ለማረጋገጥ ላስቲኩን ገለጡት። በእርግጥም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልገባውም ነበር።

2ኛ/ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የመጀመሪያው ፎቶ ፀሐይ በዝቶበት ስለተበላሸ፣ ደመና ጠብቀው ደግመው ገለጡት። ፎቶው አምሯል።

3ኛ/ ቀጥሎ የሐርቡን አርቢዎች ለልምድ ልውውጥ አመጡ። ሁሉም እፍኝ እፍኝ ዘግነው ካሸተቱ በኋላ መለሱት፤ ሁለቱ ግን ለማስረጃ ኪሳቸው ከተቱት። በአጥር የምታየው ጎረቤቴ ዚክራ ያን ጊዜ ነው፣ “ጋሼ ወንድምአገኘሁ፣ ወላሂ አራስ ቤት እንኳ ይሄን ያህል ጠያቂ አይገባም” ያለችኝ።

4ኛ/ በአርባኛው ቀን ሪባን ቆርጠው፣ በተከፈተው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው፣ አየር በገፈራ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት አርባ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ገፈራው ጠቁሮ፣ ነጭ ሻጋታ አብቅሎ ያዳምጥዎ ነበር። ዳለቻ አንዴ አሽትታ ዞረች። ስለ ጥራቱ ከሪፖርትዎ ጋር ያልተስማማች ብቸኛ ተሳታፊ እሷ ነች።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ የ“ተምሳሌት አርቢ” ምስክር ወረቀት ይዘውልኝ መጡ። በረቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ዳለቻ ፊቷን ያዞረችውም ወደዚያው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስታነበው ትውላለች። ከእንግዲህ የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ለኛ ብለው እንዳይደክሙ።

ላስቲክ ሁሉ በእጅዎ እንዲገለጥ፣ ከላሜ አፍ በስተቀር በር ሁሉ እንዲከፈትልዎ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ወንድምአገኘሁ፣ ጡረተኛ መምህርና ተምሳሌት አርቢ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሁለተኛው ጉብኝትዎ ማግሥት የአጥራችንን የዝሆኔ ሣር ከትፈን ሌላ ጉድጓድ ሞልተን ነበር፤ እንዳይታወቅብንም ላዩ ላይ የጭቃ መደብ ሠራንበት። ዛሬ ጠዋት አርባ ቀኑ ሞልቶ ስንከፍተው ሽታው ደስ ይላል፤ ዳለቻም አንዴ አጎንብሳ እስካሁን ቀና አላለችም። ማክሰኞ ዕለት ሻይ የጠጡት እዚያ መደብ ላይ ተቀምጠው ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይነሡ ስለጠቀጠቁልን፣ ግብረ ኃይሉ እስከዛሬ ለመኖ ጥራት ካደረገው ሁሉ ይህ ይበልጣልና፣ እናመሰግናለን።