ከወንዙ ማዶ የመጣችው ወላድ

ሠርክዬ፣

ያለሁት ሽንዲ ነው፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም። ትናንት በአንዲት የድንበር ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አማራና አገው ጎረቤቶቿ ምጥ የያዛትን ሺናሻ ሴት በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ዘበኛው፣ «ቀበሌዋ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወደ ክልሏ ውሰዷት» ብሎ በሩን ዘጋ። እኛ ጋ ፍኖተ ሰላም እኮ ለምጥ መንገድ ይለቀቃል እንጂ ማን ክልል ይጠይቃል?

ስንጨቃጨቅ ነርሷ ሰምታ እየሮጠች ወጣች፤ ሴትዮዋ ግን እዚያው ደጃፉ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ደግነቱ ሁለቱም ደህና ናቸው። ዘበኛው አሁንም፣ «ልጅቷስ የየትኛው ክልል ልትባል ነው?» አይል መሰለሽ! አብረዋት የመጡት አገው አማቷ እማማ እጅጉ፣ «የልጄ ልጅ ናታ! ይልቅ ሙቅ ውሃ አምጣ!» ብለው ጮኹበት። ሮጠ።

እትዬን ሳሚልኝ፤ ለወንድሞችሽም ሰላም በይልኝ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ።

ሰብሊ