ውሃ የማትጠጣው መኪናዬና ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎና መስኮትዎ ላይ ያለችው የአበባ ማሰሮ እንዴት ናቸው? እኔ ከግቢዎ ሰልፍ ተበድሬ ካመጣሁት የወገብ ሕመም በስተቀር ተመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ልደፍርዎ ፈልጌ ሳይሆን፣ በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች እስካሁን ጉዞ ላይ በመሆናቸው ነው። ማን እንደሆንኩ ለማወቅ አይቸገሩም። «ያ ባለ ቢጫዋ መኪና ልብስ ሰፊ» ቢሏቸው የበር ጥበቃዎ ሳይቀሩ ያውቁኛል።

በቅድሚያ ጥፋቴን ልናዘዝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ አንዲት አሮጌ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነና በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ የስፖርት መኪና ወደድኩ። ባለቤቴ «እኩዮችህ ወገባቸውን ይታሻሉ፣ አንተ የታመመ መኪና ታሻለህ» ብላኛለች፤ አልተሳሳተችም። ቢሆንም ዘው ብዬ አልገባሁበትም። ኮት የሚመረጠው ገበሩ ተገልብጦ እንደሆነ ሙያዬ አስተምሮኛል። መጀመሪያ ያየኋት ቀይ ነበረች፣ ዓይን ትስባለች፤ ጎኗ ላይ ማግኔት ብናስጠጋ ግን አልይዝ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ለካ ግማሽ አካሏ ስቱኮ ነው። የሁለተኛዋ ሊብሬና ሞተር የያዙት ቁጥር ለየቅል ነበር። ሦስተኛዋን ያገኘናት አንድ አናጺ ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ፣ ወንበሯን አይጥ በልቶት ነው። ወለሏን ስናንኳኳው ግን ድምፁ የጤነኛ ብረት ነበር፣ ቁጥሯም ከሊብሬው ጋር ልክ ነው። እሷኑ ወሰድኩ።

ያንኳኩት እኔ ሳልሆን ጎረቤቴ ጋሽ ጆሮ ናቸው። አርባ ስድስት ዓመት መካኒክ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህ ስም የወጣላቸው የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን ሞተር ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሕመሙን ስለሚናገሩ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ባለቤቱ «ዛሬ ደህና አይደለችም?» ስል እሳቸው «ሦስተኛው ሲሊንደር አኩርፏል» ይላሉ፤ ሲፈታም እውነታቸውን ነው። ሞተሯን አራት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ገጣጥመው አስነሱልኝ። ምን ልክፈልዎ ብላቸው «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ መኪና አሙቄ ለባለቤቱ ሳስረክብ ኖሬአለሁ። ክፍያዬ የመጀመሪያው ዳገት ነው፤ እስከ ተራራው አናት እኔ እነዳታለሁ» አሉኝ። ቃል ሰጠኋቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቸኩል። የጋሽ ጆሮ ዓይን እየደከመ ነው። የዓይን ሐኪማቸው እስከዚህ ወር መጨረሻ በቀን ብርሃን ቢነዱ እንደማይከለክሏቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን መሪ እንዳይጨብጡ ነግረዋቸዋል። መኪናዋ ደግሞ የዓመቱን ቦሎ ካላገኘች፣ ለምርመራ ካልሆነ በቀር፣ ከግቢዬ አትወጣም። ሦስት ጊዜ ወድቃለች፤ የፊታችን ዓርብ ለአራተኛ ጊዜ ከወደቀች ታርጋዋ ተፈቶ ለቁርጥራጭ ብረት ትሰጣለች ተብያለሁ። ስለዚህ የጽሕፈት ቤትዎን ውለታ በቁጥር ዘርዝሬ ማመስገን ግዴታዬ ሆኗል።

፩ኛ/ በመጀመሪያው ቀጠሮ ትጉሁ መርማሪዎ የፊት ኮፈኗን ከፍተው ትርፍ ጎማ ብቻ በማግኘታቸው፣ መኪናዋ በዚያው ሰዓት ሥራ ላይ ሆና እያጓራች፣ እኔም በራሷ ጉልበት ነድቻት መጥቼ ሳለ፣ «ሞተር የለውም» ብለው ጽፈው ፈርመዋል። ይህን የሚያህል እምነት በዓይን ላይ ማሳደር እንደ ጋሽ ጆሮ ዓይናቸው ለደከመ ሁሉ መጽናኛ ነው። ያለ ሞተር ሰባት ኪሎ ሜትር መምጣቴን አይተው ሽልማት ባያዘጋጁልኝም ቅር አላለኝም።

፪ኛ/ በሁለተኛው ቀጠሮ ሞተሩን ከኋላ ስናሳያቸው «ሞተሩ ያለ ፈቃድ ቦታ ቀይሯል» ተባልኩ። ሞተሩ እዚያ የተቀመጠው መርማሪው ከመወለዳቸው በፊት ነው።

፫ኛ/ በሦስተኛው ቀጠሮ ሌላ መርማሪ መጡ፤ ሰውየው ቅን ናቸው፣ የሞተሩንም ቦታ ተቀበሉልን፣ ላማቸው አልችልም። በቅጹ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ «የራዲያተር ውሃ» ይላል፤ ከጎኑ «አለ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ አሉ። ይህች መኪና በአየር ስለምትቀዘቅዝ ራዲያተርም ውሃም አልተሠራላትም ብንላቸው «ውሃ የማይጠጣ ሞተር አይቼ አላውቅም» አሉና፣ ሊረዱን ከልባቸው በመነሳት አንድ ማሰሮ ሙሉ ውሃ አምጥተው የዘይቱን መግቢያ ከፈቱ። ጋሽ ጆሮ የመርማሪውን እጅ አየር ላይ ባይቀልቡት ኖሮ የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ማሰሮ ውሃ አፈር ይበላ ነበር። በዚያ ሰዓት ያወጡትን ጩኸት እርስዎም ፎቅ ላይ ሆነው ሳይሰሙት አልቀሩም፤ መስኮትዎ ሲዘጋ አይቻለሁና። ከዚያ እኚያ ሽማግሌ የዘይቱን ክዳን በመዳፋቸው እንደጨበጡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀልዴ ሁሉ ጠፍቶ በጣም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

፬ኛ/ ወደ እርስዎ ቢሮ ስወጣ የአምራቹን መጽሐፍ ከነሥዕሉ ይዤ ነበር። ይተርጎም አሉ፤ ተተረጎመ። ማኅተም ይኑረው አሉ፤ ተመታ። በመጨረሻም «መጽሐፉ የለውም ይላል፣ ቅጹ ግን ሊኖረው ይገባል ይላል፤ እኛ የምንሠራው በቅጹ ነው» ብለው በፈገግታ አሰናበቱኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በሌለ ውሃም እንደሚሆን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።

ልመናዬ አንዲት ብቻ ናት። ከሁለቱ ሳጥኖች አጠገብ «አይመለከተውም» የምትል ሦስተኛ ሳጥን በእስክሪብቶ ትሳልልኝ። እስክሪብቶ ከሌለ አመጣለሁ፤ ማስመሪያ ካስፈለገም ሙያዬ ነውና አላጣም። ይህን ቢያደርጉ አንድ አዛውንት በእጃቸው የሠሩትን ሞተር ዓይናቸው ሳይጨልም አንድ ጊዜ ይነዱታል፤ መንግሥትም አይወድቅም።

ይህን ሁሉ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ማለትም እኔ ጊዜዬን ስለሰጠሁዎ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ ይርጋ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ መኪናዎም መንገድ ላይ አያስቀርዎ እያልኩ በቅጹ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ያለ ሞተር የሚነዳ፣ ያለ ውሃ የሚከሰስ፣
ታዛዥዎ ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን የጻፍኩት ሰኞ ነው። ግልባጩን ላስገባ ብመጣ መዝገብ ቤቱ እስከ ዓርብ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ የሆነውን ልጨምርልዎ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ጆሮና እኔ ከወዳደቁ ብረቶች መካከል የአንድ ጭነት መኪና ራዲያተር አገኘን። ትርፍ ጎማውን አውጥተን በቦታው አቆምነው፣ ለሱሪ እንኳ በምሳሳለት ወፍራም ጨርቅ ጠፍረን አሰርነው፣ ጢም አድርገን ውሃ ሞላነው። ከሞተሩ ጋርም ሆነ ከማንም ጋር አልተገናኘም፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ እሱ ከፊት። ዓርብ ጠዋት እኚያው ቅን መርማሪዎ ኮፈኗን ከፈቱ፣ ክዳኑን ፈቱ፣ ጣታቸውን ነከሩ፣ ፊታቸው በራ። «አለ፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ» ብለው ጻፉ። «አያችሁ? ቀድሞ እንዲህ ብታደርጉ ኖሮ» ብለው መከሩንም። አራት ደቂቃ አልፈጀም፤ ቦሎው ተለጠፈ።

ከበሩ እንደወጣን ቁልፉን ለጋሽ ጆሮ ሰጠኋቸው። ዳገቱን ወጡት! በየመታጠፊያው ማርሽ ሲቀይሩ አንዴም አላንገጫገጩኝ፣ ሞተሯም አንዴ እንኳ «ሞቀኝ» አላለችም። አናቱ ላይ ሞተሩን አጥፍተው ሲበርድ የሚያሰማውን ጠቅ ጠቅታ እየሰሙ ቆዩና «ከእንግዲህ ቢጨልምም አይቆጨኝ» አሉ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሚስቴ ፊት እንኳ አላለቅስም፤ እዚያ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የራዲያተሩን ዘዴ በማመኔ ቦሎውን ቢነጥቁኝ ይንጠቁኝ፤ የተወጣ ዳገት አይነጠቅም።

ስንመለስ እኔ ስነዳ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ አዲስ ነጭ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ፣ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ እየላከ ቆሞ አገኘን። በሩ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ስም፣ መስታወቱ ላይ የዘንድሮ ቦሎ አለው። ሾፌሩ ባዶ ጀሪካን ይዞ «ውሃ ይኖራችኋል ወይ?» ሲል ጋሽ ጆሮ ሳይጠይቁኝ ወርደው ኮፈናችንን ከፈቱና ራዲያተራችንን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቀዱለት። ከኋላ ወንበር ላይ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ዘርግተው የተቀመጡት ክቡር ሰው እንዳያፍሩ ብለን አላየንም። ጋዜጣው ግን የተገለበጠ ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛዋ ሳጥን ትሳልልኝ ያልኩትን ልመና በአክብሮት አንስቻለሁ። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ባለበት ይቆይ፤ ራዲያተሩ ለካ ለእርስዎ ኖሯል።