ያንተ እጅ የሌለበት ድምፅ ማጉያ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? ደረትህን ተሻለህ ወይ? ሳሉስ ለቀቀህ? ያለህበት ብርድ የለውም? መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ጤናህን ሳልጠይቅ ወሬ መጀመር ግን ነውር መሰለኝ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ የዋሸሁት ይበቃኛል።

ከቀብርህ በኋላ ጆሮው የምትሉት አለቃህ ሊያጽናናን መጣ። ሲወጣ፣ የምንኖርባት ክፍል የድርጅቱ እንደሆነች፣ የሚያድርባትም ሠራተኛ ብቻ እንደሆነ በጨዋ አነጋገር ነገረን። እማዬ አቀረቀረች። ያኔ አፌ አመለጠኝና፣ አንተ ሥራውን አስተምረኸኛል፣ ከትምህርት መልስ በቦታህ እገባለሁ አልኩ። አንተ እንኳን ልታስተምረኝ፣ "ደብተርህን ያዝ" እያልክ ከበሩ አሳልፈኸኝ አታውቅም።

ጆሮው አመነኝና እንደ ምንጣፍ ከሚጠቀለሉት ስስ ድምፅ ማጉያዎች አንዱን ሰጠኝ። ያው ታውቀዋለህ፤ ያ ከከረሜላ ልባስ የሳሳ ላስቲክ ወንፊት በመሰሉ ሁለት ጨርቆች መካከል ተወጥሮ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ እየተርገበገበ ድምፅ ያወጣል። ወጥሬው ሳበቃ አንዲት ብናኝ አየሁበትና ላጸዳ ብዬ በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁት። ማበጠሪያ ጸጉሬ ላይ አሽቼ ወረቀት በማንሳት አስተማሪ ያስጨበጨበልኝ ልጅ፣ በሱፍ የታሸ ላስቲክ አቧራውን ሁሉ እንደሚጠራ ረሳሁ። ሳልጠረጥር በላይኛው ጨርቅ ከደንኩት። ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ሲከፈት፣ ዘይት ላይ እንደገባ ሽንኩርት ተንጣጣ።

ዕቃ አሻጊው ሠራተኛ፣ "እጁን ወርሶታላ። እንግዲያው ባለፈው ደንበኛ የመለሰብንም የሟች ሥራ ነበር" ብሎ ሳቀ። ጆሮው አልሳቀም፤ የመጨረሻ ሥራዎችህን ከመኪና አስወርዶ ተፈትተው ይታዩ አለ። አንዴ ከተፈቱ ደግሞ እንደ ነበሩ አይገጠሙም። ላስቲኩን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቀለም የምትቀባው ሴትዮ ብቻ ተሟገተችልህ። እኔ፣ የእናትህ ልጅ፣ ዝም አልኩ። የምገባበት ጠፋኝ።

እማዬ ትናንት ትራስህን ስማ፣ ትንሿን ይዛ ወደ አገር ቤት ተሳፈረች፤ ይህን ጉድ አልሰማችም። ትንሿ እህታችን ሰላም ብላሃለች፤ ለሥራ ርቀህ የሄድክ ይመስላታል። አባባን ካገኘኸው ጉልበቱን ሳምልኝ፤ ግን አታሳብቅብኝ።

ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። "ተነሳ፣ ረፈደ" እስክትለኝ ተጋድሜ ጠበቅሁ። ከዚያ የትምህርት ቤት ልብሴን ለብሼ ወደ ሥራ ቤታችሁ ሄድኩ። መፍቻ ይዘው ሥራህን ከበውት ነበር። አሻጊው ፊት፣ "ወንድሜ ምንም አላስተማረኝም። ዋሽቼ ነው። በሹራቤ ጠርጌ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የእሱ እጅ የለበትም" አልኩ። ጆሮው መፍቻውን አስቀመጠና አንዱን ሥራህን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ከፈተው። ጥርት ብሎ ወጣ። ቀና ብዬ ማንንም ማየት አልቻልኩም። የክፍላችንን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ታናሽህ
ከትምህርት ቤት፣ በእረፍት ሰዓት
ሰኞ፣ ኅዳር 9